ሚዳ ክሪክ የደረስንበት ሰዓት

በዚህ መጽሔት የጉዞ ገጾች ላይ ካሉት ፎቶግራፎች ስለ አንዱ ብዙ ወላጆች ጠይቀውናል። ጭቃ አለ፣ ሰማይ አለ፣ በመካከል ነጫጭ ነጠብጣቦች። «ወፎቹ የታሉ?» ይሉናል። ነጠብጣቦቹ ናቸው። እዚያ የደረስነው በተሳሳተ ሰዓት ነበር፤ ጥፋቱም የአስተዳደሩ፣ ማለት የእኛው ነው።

በጥር ወር የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆችን ይዘን ከናይሮቢ ሞምባሳ በባቡር፣ ከዚያ በማሊንዲ መንገድ በአውቶቡስ ዋታሙ ገባን። ሚዳ ክሪክ የሕንድ ውቅያኖስ በጠባብ አፍ ወደ የብስ ገብቶ የተንጣለለበት ቦታ ነው። ዙሪያውን በጨው ውሃ የሚበቅለው ማንግሮቭ ከቦታል፤ የዋታሙ የባሕር ጥብቅ ሥፍራ ክፍልም ነው። የሰሜኑን ብርድ የሸሹ ወፎች በሺህ እየሆኑ እዚህ ይከርማሉ። አንዳንዶቹ የሚፈለፈሉት ሳይቤሪያ፣ በረዶው ጫፍ ላይ ነው።

ባሕሩ ሲጎድል ጭቃው ሜዳ ይሆናል፣ ወፎቹም ትልና ሸርጣን ፍለጋ እስከ ሩቅ ይበተናሉ። ሲሞላ ውሃው እየገፋ ወደ ዳር ያመጣቸዋል። ይህን አንብበን ነበር። ነገር ግን ፕሮግራሙን ስናወጣ ያየነው የቁርስ ሰዓትን እንጂ የባሕሩን ሰዓት አልነበረም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ስንደርስ ውሃው ጭራሽ ሄዷል። ሠላሳ ዓመት ደወል ስናስደውል ኖረን፣ ደወል የማይሰማ ነገር ገጠመን። አስጎብኚው ሳቀና «ቁጭ በሉ፣ ይመጣል» አለን።

ስንጠብቅ በማንግሮቩ መካከል የተዘረጋውን ተንጠልጣይ የእንጨት መተላለፊያ እያሳየ፣ ጎብኚ የሚከፍለው ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ነገረን። ከ2001 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች) ጀምሮ ኤ ሮቻ ኬንያ የተባለው ድርጅት በሚያካሂደው ፕሮግራም፣ ገንዘቡ በአራቡኮ ሶኮኬ ደንና በክሪኩ ዙሪያ ለሚኖሩ ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያ ይሆናል። ልጆቹ በትምህርት ቤት ሲቆዩ ቤተሰቡ ዛፉን የማይቆርጥበት ምክንያት ያገኛል።

ከ8ኛ ክፍል አንዷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ለእነሱ ልጆች እኛ ከከፈልን፣ የእኛዎቹ ሁለቱ ለምን ቀሩ?»

ሠላሳ ሦስት ተመዝግበው ሠላሳ አንድ ነበር የመጣነው። ሁለቱ የጉዞውን ክፍያ በቀኑ ስላላመጡ ስማቸውን ሰርዘናል። ስልክ አልደወልንም፣ ቤት አልጠየቅንም፤ «ቀኑ አልፏል» ብለን መስመር አሰመርንበት። (ይህን የምንጽፈው ልጆቹንም ወላጆቻቸውንም አስፈቅደን ነው።) ለልጅቷ የሰጠናት መልስ አልነበረንም። ከመምህራኑ አንዱ «ቆሎ አለ፣ ቆሎ ብሉ» ብሎ ነገሩን ሸፈነው።

ከሰዓት በኋላ ውሃው ተመለሰ። መጀመሪያ የጭቃው ቀለም ተለወጠ፣ ከዚያ ወፎቹ በቡድን በቡድን እየተነሱ ቀረቡ። መተላለፊያው ሲወዛወዝ ሦስት ልጆች መሃል ላይ ቆመው አልንቀሳቀስም አሉ፤ ከእኛም አንዱ አብሯቸው ቆመ፣ ስሙን አንናገርም። በቴሌስኮፕ ሁላችንም ያየነው ክራብ ፕሎቨር የተባለውን ነው። ነጭና ጥቁር፣ ባለ ረጅም እግር፣ አፉ እንደ ወፍራም ቢላዋ፣ ሸርጣን ቀጥቅጦ ይበላል። እንደ ሌሎቹ የባሕር ዳር ወፎች በሜዳ ላይ አይጥልም፤ አሸዋ ቆፍሮ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ነጭ እንቁላል ያስቀምጣል፣ የፀሐይ ሙቀት የያዘው አሸዋም ያግዘዋል። ጫጩቱ ክንፍ አውጥቶ ይህን ሁሉ መንገድ በርሮ ከመጣ በኋላ እንኳ እዚህ እናት አባቱን እየተከተለ ምግብ ይለምናል። የ8ኛ ክፍል ወላጆች ይህን ሲያዩ ምን እንዳሉ ለእነርሱ እንተወዋለን።

አስጎብኚው ከሚራቡባቸው ቦታዎች አንዱ ቀይ ባሕር፣ የዳህላክ ደሴቶች መሆኑን ሲናገር፣ አብረውን ከመጡት እናቶች ምጽዋ ያደጉት ቴሌስኮፑን ይዘው አልለቅ አሉ። «ይሄ ሁሉ የአገሬ ልጅ እዚህ እያለ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ እላለሁ!» አሉ። ስቀው ነው ያሉት፤ ዓይናቸውን ግን ደጋግመው ጠረጉ።

ማታ መምህራን ተሰብስበን ስለ ወፍ አላወራንም። በማግስቱ ናይሮቢ ስንደርስ ሁለቱን ቤቶች ሄደን አየን። የአንዱ እናት ሥራ ካጡ አራት ወር ሆኗቸው ነበር፤ ልጁም ወረቀታችንን ጭራሽ አላሳያቸውም፣ እንዳይጨነቁ። የዚያን ቀን የተሰማንን እፍረት በገጽ ላይ ማስፋት አንፈልግም። ከእንግዲህ ከስልክ በፊት ስም አይሰረዝም ብለን በቃለ ጉባኤ አስገብተናል።

ወፎቹ ወደ ሰሜን የሚመለሱት ሚያዝያ ገደማ ስለሆነ ጊዜ ነበረን። በየካቲት መጨረሻ መምህራን ካዋጡት፣ ሁለቱ ልጆች ከአንድ መምህር ጋር በሌሊት አውቶቡስ ሄዱ። የባሕሩን ሰንጠረዥ ያዩት ራሳቸው ናቸው፤ ውሃው መሙላት ሲጀምር መተላለፊያው ላይ ቆመው ነበር። በሽፋኑ ላይ ያለው፣ ሸርጣን በአፉ የያዘው ወፍ፣ ላባው እንኳ የሚቆጠረው ፎቶግራፍ እነርሱ ያነሱት ነው።