አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ

ለመሆኑ ተጫውተው የተነሡበት ጨዋታ የማን ነው? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር፣ በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ በተደረገ የተጫዋቾች ጉባኤ ላይ የቀረጽሁት ድምፅ ነው።

ጨዋታው በአገራችን እምብዛም ያልተለመደ በመሆኑ ስለ ጠባዩ ጥቂት መናገር ያሻል። አምስት ስድስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንደኛው የጨዋታው መሪ ሆኖ ሥፍራውንና ሁኔታውን ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ተላብሰው፣ «እኔ በሩን እከፍታለሁ»፣ «እኔስ እሸሻለሁ» እያሉ ታሪኩን ወደፊት ይገፉታል። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ የሚባለው የዕጣ ጠጠር ይጣላል። መድረክ የለም፤ ተመልካች የለም፤ አስቀድሞ የተጻፈ ቃለ ተውኔትም የለም። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ፈር ቀዳጅ የሆነውን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተሙት። ጋይጋክስ ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1968፣ በዊስኮንሲን ግዛት በምትገኘው በሌክ ጄኔቫ ከተማ የጦርነት ጨዋታ ወዳጆችን ሰብስቦ ነበር፤ ያ ስብሰባ «ጄን ኮን» በሚል ስም ዛሬም አለ፤ ከ2003 ወዲህ የሚደረገውም በኢንዲያናፖሊስ ነው።

በጉባኤ ላይ የሚገናኙት ተጫዋቾች ብዙውን ጊዜ አይተዋወቁም። አራት ሰዓት ያህል አብረው ይጫወታሉ፤ ተጨባብጠው ይለያያሉ፤ ጨዋታውም ከአፍ እንደ ወጣ ከአየር ጋር ይቀራል። መቅረጸ ድምፅ ይዘን የምንዞረው ይህ የሚቆጨን ሰዎች ነን። እርግጥ ነው፣ ከ2014 ጀምሮ «ዘ አድቬንቸር ዞን»፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ «ክሪቲካል ሮል» ጨዋታቸውን ለሕዝብ እያሰሙ እጅግ ብዙ አድማጭ አፍርተዋል። የኋለኞቹ ግን በሙያቸው የድምፅ ተዋንያን ናቸው፤ ማይክሮፎን ፊታቸው መደቀኑን አይረሱም። እኛ እንረሳለን።

መቅረጫውን በባዶ ጠረጴዛ ላይ ያኖረ ሰው የሚያገኘው ነጎድጓድ ነው፤ በእንጨት ላይ የሚንከባለል ዳይስ የሰውን ድምፅ ይውጠዋል። ስለዚህ ከመቅረጫው ሥር የታጠፈ ፎጣ አነጥፋለሁ፤ ዳይሱም ጨርቅ በለበሰ ትሪ ላይ እንዲጣል እለምናለሁ። መቅረጫውንም ወደ መሪው ሳይሆን ዝግ ብሎ ወደሚናገረው ተጫዋች አስጠጋዋለሁ። የዚያን ቀን ዝግ ብለው የሚናገሩት አጠገቤ የተቀመጡት በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ።

የተጫወትነው ሳንዲ ፒተርሰን የደረሰውንና እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመውን «ኮል ኦፍ ክቱሉ»ን ነው። በዚህ ጨዋታ ገጸ ባሕርያቱ የሚያዩት አስፈሪ ነገር የአእምሮ ጤንነታቸውን በቁጥር እየሸረፈ ይሄዳል። ከመጀመራችን በፊት ለመቅረጽም ለማሰማትም የሁሉንም ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ሁሉም ፈቀዱ። መሪው ብቻ አንድ ነገር አሳሰበኝ፤ ይህንኑ ታሪክ በሌሎች ጉባኤዎችም ስለሚያጫውት ምሥጢሩ እንዳይወጣበት እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዳቆይለት። እሺ አልሁ፤ አቆየሁለትም።

ሰውየው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ ሐኪም ሆነው ይጫወቱ ነበር። በሦስተኛው ሰዓት ላይ ወደ አንድ የሕመምተኛ ክፍል ገባን። መሪው፣ «ዶክተር፣ ይህ አልጋ ማንን ያስታውስዎታል?» ሲል ጠየቃቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም በሐኪሙ አንደበት፣ አባቱ በሚያጣጥሩበት ሌሊት ከሆስፒታሉ ደጅ ደርሶ ለመግባት ፈርቶ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ስላነጋ ልጅ ተናገሩ። በጠረጴዛው ዙሪያ ዳይስ ያነሣ አልነበረም። እኔ በዚያች ሰዓት ያሰብሁት፣ ማፈሬን አልደብቅም፣ ድምፃቸው ጥርት ብሎ እየተቀረጸ መሆኑን ነበር።

በጥር ወር ቅጂውን በፖድካስት ለሕዝብ አሰማሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከሰውየው ደብዳቤ ደረሰኝ። ታሪኩ የሐኪሙ ሳይሆን የራሳቸው ነበር። እኅታቸው ሰምታ ድምፃቸውን ዐውቃለች። እርሷ ግን ወንድሟ የዚያን ሌሊት የቀረው መንገድ ተዘግቶበት ነው ብላ ስታምን የኖረች ናት። «ፈቅጄ ነበር፤ አልክድም» ይላል ደብዳቤው፤ «ነገር ግን ምን እንደምናገር መች ዐወቅሁ?»

በልጅነቴ አዲስ አበባ ሳለሁ፣ አሜሪካ የነበረችው አክስቴ በካሴት የተቀዳ ደብዳቤ ትልክልን ነበር። እናቴ ካሴቱን መጀመሪያ በሯን ዘግታ ለብቻዋ ትሰማዋለች፤ ጎረቤት የምትጠራው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ልጆች በበሩ ላይ ተለጥፈን በንፉግነቷ እንናደድ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ለአንድ የፈጠራ ታሪክ ምሥጢር ስድስት ወር ስታገሥ፣ ቅጂውን አስቀድሜ ለባለቤቶቹ ለማሰማት አንድ ቀን እንኳ አልታገሥሁም።

ቅጂውን በዚያው ዕለት አወረድሁና ለስድስታችንም ላክሁ። አንዲት ተጫዋች አጥብቃ ተቃወመች፤ በፍጻሜው ሐኪሙ የቆሰለውን ጓደኛውን ጥሎ አልሄድም ብሎ የቀረው ስለዚያ ሌሊት ነው፤ ያ ከወጣ ፍጻሜው ትርጉም የለውም፤ ደግሞስ አብረን ያደመጥነው የእኛም አይደለምን? አለች። ስለ ፍጻሜው የተናገረችው እውነት ነው፤ ስለ ቀረው ዛሬም መልስ አላገኘሁለትም። ቢሆንም አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ቆርጬ አወጣሁ። በቦታውም ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የቀዳሁትን የአዳራሹን ድምፅ አስገባሁበት፤ ከሩቅ ጠረጴዛ የሚሰማ ሳቅ፣ የወንበር መጎተት፣ የማንነቱ የማይታወቅ ዳይስ።

ሰውየው ከሰሙት በኋላ እንደገና ለሕዝብ ወጣ። በቅርቡ አንድ አድማጭ፣ እዚያ ላይ መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ወይ? ሲል ጽፎ ጠየቀኝ። አልተበላሸም ብዬ መለስሁለት፤ ከዚያ ያለፈ አልነገርሁትም።