ሥራ ሳይገኝ ምስጋና

አሜሪካ ውስጥ ሥራ ፈላጊ ከቃለ መጠይቅ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ሥራ ማመስገን ነው። ምን ተደርጎለት? ገና ምንም። ያላበው እሱ፣ ቡና ሲጠጡ የነበሩት ጠያቂዎቹ፤ አመስጋኙ ግን እሱ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖረው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብሎ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ላከልኝ። ደወልኩለት።

«ሥራውን ሰጡህ እንዴ?»

«ኧረ ገና ነው!»

የነገሩን ዘር ማንዘር ስቆጥር መጀመሪያ ያገኘሁት እንግድነትን ነው። ኤሚሊ ፖስት እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመችው የጨዋነት መጽሐፍ፣ ሰው ቤት የሰነበተ እንግዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለቤቲቱ እመቤት የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፍ ታዛለች። ይሄስ ያስኬዳል፤ እንግዳው በልቷል፣ ተኝቷል።

ሥራ ፈላጊው ግን አልበላም። ምስጋናውን ግዴታው ካደረጉበት ሰዎች አንዱ ደግሞ ካህን ናቸው። ሪቻርድ ቦልስ የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ካለው ካቴድራል በበጀት እጥረት ተቀነሱ። እ.ኤ.አ. በ1970 እንደሳቸው እንጀራቸው ለተቋረጠባቸው አገልጋዮች «ፓራሹትህ ምን ዓይነት ቀለም አለው?» የምትል መጽሐፍ ራሳቸው አባዝተው አወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ አሳታሚ አገኘች፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂም ተሸጠ። ምክራቸው፦ በዚያው ምሽት ለጠያቂው ጻፍ፣ ጸሐፊዋንም አትርሳ። ጸሐፊዋን ማንሳታቸው ደስ ብሎኛል። ወደ አለቃው የሚወስደው መንገድ በማን ጠረጴዛ እንደሚያልፍ እኛም እናውቃለን።

ለእኔ ይህ ደጅ ጥናት ነው። የጥንቱ ባለጉዳይ ጌታው እንዲያዩት ወራት በሩ ላይ ይቆም ነበር፤ የአሁኑ በአራት መስመር ይጨርሰዋል። እኔ በወጣትነቴ አዲስ አበባ ለፈተነኝ ሹም እንዲህ ብጽፍለት ኖሮ ከደብዳቤው በፊት የሚዳብሰው ፖስታውን ነበር፤ ሌላ ነገር ይኖርበት እንደሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2019 አንዲት የኒውዮርክ አዘጋጅ የምስጋና ኢሜይል ያልላከልንን አንቀጥርም ብላ ጽፋ ብዙ ሰው ወረደባት። ልክ ነበሩ። ይህን ደንብ ቤቱ ያልነገረው፣ በተለይ የስደተኛ ልጅ፣ በምን ያውቃል?

የእህቴን ልጅ «ላከው» አልኩት፤ ማመስገን አይከፋም። እናንተ ጠያቂዎች ግን ያመሰገናችሁን ሰው ቢያንስ «አልቀጠርንህም» ብላችሁ መልሱለት።