እንቅርትና ጨው

እናቴ እንቅርት ነበረባት። በእኛ ደጋ ይህ ብርቅ አልነበረም። ሰው «ከምንጩ ውሃ ነው» ይል ነበር።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። አዮዲን የሚባል ነገር አለ፤ ለሰውነት ጥቂቱ ይበቃል። ዝናብ ከተራራው አፈር አጥቦ ይወስደዋል። አፈሩ ሲያጣው እህሉም ያጣል፤ የበላውም ሰው ያጣል። ያን ጊዜ አንገት ያብጣል። ሆድ ጠግቦም ሰውነት ይራባል ማለት ይህ አይደል?

ከሁሉ የከፋው በሕፃን ላይ የሚደርሰው ነው። እርጉዝ ሴት አዮዲን በጣም ካነሳት የፅንሱ አእምሮ ይጎዳል። ይህ ጉዳት ቆይቶ አይድንም።

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። ስዊዘርላንድም ተራራማ አገር ናት፤ እንቅርት በዝቶባት ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1922 ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ተጀመረ። እንቅርቱም እየጠፋ ሄደ።

እኔ ጨው ስገዛ «አዮዲን አለው ወይ?» እላለሁ። ከድኜ፣ ከፀሐይ አርቄ አስቀምጠዋለሁ። እናንተም ጠይቁ።