ሞተሩ ይቆየን

"ለአሻንጉሊት ይህ ሁሉ ብር?" ይሉናል ዘመዶቻችን። ቆይ፣ እናስረዳ። የጃፓኑ ታሚያ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቲቲ-02 በሪሞት የሚነዳ፣ የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ የሚያክል ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ግን መኪና የለም! ያለው ብሎን፣ ጥርስ፣ ሞተርና መመሪያ ነው። ካቻቢቴ ይዞ መኪና የሚያደርገው ገዢው ነው።

እኛ ሦስት ነን። ሁለታችን ብር አዋጣን፤ ገና ሥራ ያላገኘው ሦስተኛችን ጊዜውን አዋጣ። ክርክሩ የመጣው "ምን እናሻሽል?" ላይ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ፈጣን ሞተር ይሮጣል። እሱ ግን "መጀመሪያ ኩሽኔታ!" አለ። ልክ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሳጥኑ የሚወጣው የፕላስቲክ ቀለበት አቧራ ሲገባበት ይበላል፣ ዘንጉን ይይዛል፤ ጉልበቱ ጎማ ሳይደርስ በፍትጊያ ያልቃል። 16 ባለ 11 ሚሊ ኩሽኔታ ሲገባለት ያው የድሮው ሞተር ይፈጥናል፣ ባትሪውም ይበረክታል። ቀጥሎ ባለ ዘይት ሾክ አብዞርበር፤ ሞተር በመጨረሻ።

ብር ያላዋጣው ልጅ ዛሬ ዋና መሐንዲሳችን ነው። "ሥራ አገኘህ ወይ?" ብለን ከምንጠይቀው "ጥርሱ ገጠመ ወይ?" ብንለው ለሁላችንም ይቀለናል። ለፈጣኑ ሞተር ማጠራቀም የምንጀምረው እሱ "አሁን" ሲል ነው።