«የማን ልጅ ነሽ?»፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ማልደህ ተነሥተህ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርደህ ወደ ደጀን ብትወጣ፣ ከዚያም ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፈህ ብትገሠግሥ፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝህ በኋላ ፍኖተ ሰላም ትደርሳለህ። ከዚያ ማንኩሳን አልፈህ ቡሬ ለመግባት የሚቀርህ 25 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በክረምት መውጫ በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ያየውን አይረሳም። በቆሎው ከሰው ቁመት በልጦ ይታያል፤ ጤፉና ዳጉሳው ከነፋሱ ጋር ይተኛል፣ ይነሣል፤ ኑጉ ሜዳውን ቢጫ ያለብሰዋል። በበጋ ደግሞ የቡሬ በርበሬ ተሰጥቶ ሲታይ ቀይ ስጋጃ የተነጠፈ ይመስላል።

ነገር ግን ዛሬ ላጫውትህ የፈለግሁት ስለ አዝመራው አይደለም። ከዚህ አገር ወጥተው ባሕር ማዶ ስለሚኖሩት፣ «ዲያስፖራ» ስለምንላቸው ወገኖቻችንና እዚሁ ስለ ቀሩት ዘመዶቻቸው ነው።

በቡሬ ገበያ

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር የእኅቴን ልጅ ይዤ ወደ ቡሬ ሄጄ ነበር። ልጅቱ ተወልዳ ያደገችው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን አጠገብ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን ቃሉን እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀች ታወጣዋለች። መንገድ ላይ ዝም ብላ ቆየችና፣ «አጎቴ፣ እዚያ አገርሽ የት ነው ሲሉኝ ኢትዮጵያ እላለሁ። እዚህ ስመጣ ልጆቹ ፈረንጅ ይሉኛል። ታዲያ እኔ የየት ነኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ቡሬ ደርሰን ገበያ ወጣን። በርበሬ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ዘንድ ቆማ በዚያው በተሰባበረ አማርኛዋ ዋጋ ጠየቀች። አሮጊቷም ዋጋውን ትተው ፊቷን አተኩረው ተመለከቱና፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። ልጅቱ ግራ ተጋብታ ወደኔ ዞረች። «የአያትሽን ስም ንገሪያቸው» አልኋት። ነገረቻቸው። ሴትዮዋ የያዙትን ጣሳ አስቀምጠው ተነሡና ጉንጯን እያገላበጡ ሳሟት። ከዚያም ቆጣ ብለው፣ «የእሱ ልጅ ሆነሽ እስከ ዛሬ ሳትጠይቂን!» አሏት።

ልጅቱ ቀስ ብላ፣ «ምን ልጠይቃቸው ነበር?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ቋንቋችን ያስተማረኝ። በአማርኛ መጠየቅ ማለት ያላወቁትን ለማወቅ መናገር ብቻ አይደለም፤ ሄዶ ማየት፣ እንዴት ሰነበታችሁ ማለትም ነው። ዘመድ ይጠየቃል፣ በሽተኛ ይጠየቃል፣ እስረኛ ይጠየቃል። አሮጊቷ ወረቀቷንም ሆነ የተወለደችበትን ከተማ አልጠየቋትም። የወቀሷት ባለመጠየቋ ነው። ወቀሳ ደግሞ ለባዳ አይሰጥም፤ የሚወቀሰው ዘመድ ነው።

የሄደና የቀረ

በሄደውና በቀረው መካከል ያለው ቅሬታ ለዚህ መንገድ አዲስ ነገር አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ከአገር ወጥተው ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ አቤቱታቸውን ካሰሙ በኋላ፣ የስደቱን ዘመን በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ አሳለፉ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ የኢትዮጵያን ምድር ረገጡ። ኢጣልያኖች በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቀቁ፤ የነፃነቱም ጉዞ በዚሁ በጎጃም በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ቀጠለ። እንደነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያሉት የጎጃም አርበኞች ግን እነዚያን ዓመታት ያሳለፉት በዱር በገደሉ ነበር።

ድሉ ከተገኘ በኋላ ሙግት ተነሣ። አርበኛው «እኛ ደማችንን ስናፈስ እናንተ የት ነበራችሁ?» አለ። ስደተኛው ደግሞ «በባዕድ ደጅ ጮኸን ዓለም እንዲሰማ ያደረግን እኛ ነን» አለ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ አንዱ የሌላውን ሸክም ለመመዘን ግን ሚዛን አልነበራቸውም።

ዛሬም ያው ነው። እዚህ ያለው ዘመድ፣ «እሱ ምን አለበት፣ ዶላር ይልካል፣ ከሩቅ ሆኖ በፖለቲካ ይፎክራል፤ ዱላው የሚያርፈው በኛ ጀርባ ነው» ይላል። እዚያ ያለው ደግሞ፣ «ሌሊት መኪና ነድቼ፣ በሽተኛ አስታምሜ የላክሁትን ይወዳሉ እንጂ እኔን ማን አስቦኝ!» ይላል።

በባሕር ማዶ

እዚያስ ኑሮው እንዴት ነው? ብትለኝ፣ ኢትዮጵያዊው በሄደበት ሁሉ አገሩን እንደገና ለመትከል ይደክማል። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ከወደቀ በኋላ ብዙዎች በሱዳን በኩል ተሰደዱ፤ በኋላም የአሜሪካ የቪዛ ዕጣ ሌሎችን ጨመረ። እድር አቋቋሙ፣ እቁብ ጣሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ተከሉ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በ1976 ዓ.ም. ተመሥርቶ በየዓመቱ በእግር ኳስ ስም ዘመድ ያገናኛል። በዋሽንግተን ከተማ በ1996 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ምክንያት አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ጽሑፎች ከሚተረጐሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ።

ይህ ዕጣ የኛ ብቻ እንዳይመስልህ። በኢራን በ1971 ዓ.ም. ንጉሣዊው መንግሥት ሲወድቅ ብዙ ሕዝብ ተሰደደ። በሎስ አንጀለስ በዌስትዉድ ሰፈር ኢራናውያን ስለ በዙ፣ የቴህራንን ስም ከከተማው ስም ጋር አጋብተው «ቴህራንጀለስ» ይሉታል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ በ1994 ዓ.ም. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመው የኛ ሰፈር አለ። እነርሱ ዓመታቸውን በመጋቢት ኖውሩዝ ብለው ይለውጣሉ፤ እኛ በመስከረም። ኢራናዊው «ፋርስ ነኝ ልበል ወይስ ኢራናዊ?» እያለ ሲያመነታ፣ የኛም ልጅ «የየት ነኝ?» ትላለች።

ሕጉ በበኩሉ መልስ አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደ ተወ ይቈጥረዋል። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ግን ለትውልደ ኢትዮጵያዊ ልዩ መታወቂያ ተፈቅዷል፤ ሰዉ «ቢጫ ካርድ» የሚለው ነው። በርሱ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። በወረቀት ግማሽ ዘመድ ነው ማለት ነው።

ስልኩ ዝም ያለ ጊዜ

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ልንገርህ። በ2015 ዓ.ም. በሐምሌና በነሐሴ በአማራ ክልል ጦርነት ሲበረታ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ቦታ ስልኩም ዝም አለ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በወረደው የአየር ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች አለቁ። ስሟ የሰላም መንገድ የሆነች ከተማ በዓለም ዜና የተጠራችው በዚህ ሆነ።

በዚያ ሰሞን የእኅቴ ልጅ ከአሜሪካ ወደኔ ወደ አዲስ አበባ በየሌሊቱ ትደውል ነበር። በበይነ መረብ የሚሰደበውንና የሚፎከረውን አይታ ጠግባለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ «አጎቴ፣ እነዚያ የበርበሬዋ እናት ደኅና ናቸው?» የአያቷን ቤት፣ የአክስቷን ልጆች፣ ሁሉንም በየተራ ትጠይቃለች። እኔም እንደርሷ ወሬ አጥቼ ነበርና የምነግራት አልነበረኝም። ሳምንታት አልፈው ከቡሬ የመጣ አንድ መንገደኛ፣ «ሁሉም በሕይወት አሉ፤ አሮጊቷም በርበሬያቸውን ይዘው ገበያ ወጥተው አይቻቸዋለሁ» አለኝ። ይህን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ድምፅ አልነበራትም፤ በኋላ፣ «ጠየቀችህ በልልኝ» አለችኝ።

በቡሬ መንገድ ላይ ያልመለስሁላት ጥያቄ ያን ሌሊት ራሷ መለሰችው። አሮጊቷ የወቀሷትን አድርጋለች፤ ጠይቃለች።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ አንተ ባሕር ማዶ ያለህ እንደ ሆነ፣ ገንዘብህን ስትልክ ቃልህንም ላክ፤ ከመፎከርህ በፊት መንገዱ ዳር ያሉትን ዘመዶችህን ጠይቅ፤ የምትናገረው የሚያርፈው በነርሱ ላይ ነውና። አንተም አገር ቤት ያለህ እንደ ሆነ፣ የሄደውን ሰው የላከውን ከመቍጠርህ በፊት እንዴት እንደ ሰነበተ ጠይቀው። ልጁም አማርኛው ተሰባብሮ ወደ ደጅህ ሲመጣ ፈረንጅ ብለህ አትሳቅበት። የማን ልጅ እንደ ሆነ ጠይቀው።