ነጋድራሱና የአባቴ ጥያቄ

የተወለድኩት እንፍራንዝ ነው። በጎንደርና በባሕር ዳር መንገድ የተጓዘ ሰው ከኮረብታው ላይ የዐፄ ሠርፀ ድንግልን የጉዛራ ግንብ ያውቀዋል። ከተማዋ ግን ከድሮም የነጋዴ አገር ናት። በ1700 እ.ኤ.አ. ያያት ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ የዝባድ ንግድ፣ ያሳዝናል እንጂ የባሪያም ንግድ እንደነበረባት ጽፏል።

አባቴም ነጋዴ ናቸው። እህልና ነጭ ሽንኩርት ከገበያ ገበያ ያዞራሉ። ታሪክ ልማር ነው ስላቸው፣ «ታሪክ የነገሥታትና የመኳንንት ነው፤ ነጋዴ እዚያ ውስጥ ምን ቦታ አለው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እውነትም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማርነው ዘመቻና ዘውድ ነበር።

ሁለተኛ ዓመት ስደርስ ስለ ምኒልክ ዘመን ሳነብ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤልን አገኘኋቸው። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ነው፤ ቀረጥ ያስከፍላል፣ ነጋዴ ከነጋዴ ሲጣላም ይዳኛል። የአዲስ አበባው ነጋድራስ ደግሞ በከተማዋ አስተዳደር ላይም ትልቅ እጅ ነበረው። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ንግድንና የውጭ ጉዳይን ለእኚህ ሰው ሰጧቸው። ልብ በሉ፣ ሁለቱንም ላንድ ሰው! ግን ብዙም አይገርምም፤ ከፈረንጅ ነጋዴ ጋር በየቀኑ የሚገናኘው የቀረጡ ሹም ነበርና። ኋላም ቢትወደድ ተባሉ።

ለዕረፍት አገሬ እንደገባሁ ቦርሳዬን ሳላወርድ ነገርኳቸው። አባቴ ቡናቸውን ይዘው ዝም ብለው አዳመጡኝ። ስጨርስ፣

«እና፣ ሰውዬው ከተሾሙ በኋላ ቀረጡ ቀለለ?» አሉ።

ደነገጥኩ። ጥናቴን ጽፌ ስጨርስ ይህን ጥያቄ አንድም ቀን አላሰብኩትም። ነጋድራሱ ባለጸጋ መሆናቸውን ጽፌያለሁ፤ ሹመታቸውን ቆጥሬያለሁ። ጨው ጭኖ በየኬላው እየከፈለ የሚያልፈው ሲራራ ነጋዴ ግን በወረቀቴ ላይ የለም። ከመኳንንቱ ተርታ አንድ መኮንን ጨመርኩ እንጂ ለአባቴ መልስ አላመጣሁም።

አሁን ሌላውን ነጋድራስ፣ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን፣ እያነበብኩ ነው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ ነው። ይከብዳል፣ አንዳንዱን ገጽ ሦስቴ እመለስበታለሁ። አባቴ ደግሞ በደወሉ ቁጥር መጀመሪያ የሚሉኝ ይህን ነው፦

«ኬላው ጋ ደረስክ ወይ?»