በሁሩሙ የማኅሌት ሌሊት

ከመቱ በስተምሥራቅ በምትገኘው በሁሩሙ ከተማ፥ በዘመነ ጽጌ በአንዱ ቅዳሜ ምሽት፥ አንድ ወጣት መቅረጸ ድምፁን በነጠላው ሸፍኖ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ። የመጣበትም ጉዳይ ከልጅነቱ ዜማ ያስተማሩት አረጋዊ መሪጌታ ማኅሌተ ጽጌን ሲመሩ ድምፃቸውን ለመቅረጽ ነበረ። በዚያ ዓመት መቋሚያቸውን ለተማሪያቸው ሊያስረክቡ መሆኑን ሰምቷል፤ ድምፃቸውም ከአምናው ይልቅ ቀጥኖ ነበርና ነገሩ ቀጠሮ የሚሰጠው አልነበረም።

እንዲህ ያለው ሥራ በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1898 ዓ.ም.፥ በፈረንጆች 1906 ማለት ነው፥ በኤኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን የጥናት ጓድ አክሱም በደረሰ ጊዜ፥ የጓዱ ሐኪም ኤሪክ ካሽኬ በፎኖግራፍ የሰዎችን ዜማ በሰም ሲሊንደር ላይ ቀርጾ ነበር። በዚያ መሣሪያ የሚቀረጸው ሰው አፉን ወደ ቀንዱ ማስጠጋት ግድ ነበረበት፤ አንዱም ሲሊንደር ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይዝም። ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም ማኅሌት በእርሱ ይቀረጽ ቢባል የአህያ ጭነት ሰም በፈጀ ነበር። የዛሬው ግን በመዳፍ የሚያዝ ሲሆን፥ በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየለካ በ24 ቢት ቢመዘግብ እንኳ የአንድ ሰዓት ባለሁለት መሥመር ቅጂ አንድ ጊጋባይት ያህል ብቻ ይወስዳል። ስለዚህ የዛሬ ሰው ጭንቀቱ ማይክሮፎኑን ወዴት እንደሚያቆም ነው።

ወጣቱም ማቆሚያውን ከመሪጌታው ሦስት እርምጃ ርቆ ተከለ። ዜማው በቀስታ ሲጀመር ያ ቀጭን ድምፅ በማዳመጫው ሞልቶ ይሰማው ዘንድ መጠኑን ከፍ አደረገ። መሪጌታው ግን ጥቂት ዐረፍ ባሉ ጊዜ ጠሩትና፥

«ልጄ፥ መረግዱ ገና ነው፤ ከበሮውን ምን ልታደርገው ነው?» አሉት።

«የኔታ፥ ድምፅዎ እንዳይርቅብኝ ፈርቼ ነው።»

«ከበሮው ከሸፈነኝማ ከነአካቴው አልገኝ!»

እውነት ነበረ። ከልክ አልፎ የገባ ድምፅ ይሰባበራል፤ የተሰባበረውንም ኋላ እንደ ነበረ አድርጎ የሚመልሰው ባለሙያ የለም። ዝግ ብሎ የተቀረጸውን ግን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ማይክሮፎኑ የፊቱን አጥርቶ የጀርባውን ቸል የሚል ዓይነት ስለ ሆነ፥ ጀርባውን ለከበሮዎቹ ሰጥቶ ፊቱን ወደ መሪጌታው አዞረው፤ መጠኑንም 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አደረገ። መረግዱ ሲመጣ የመለኪያው ምልክት ቀዩን ሳይነካ ቀረ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ዝናብ ወረደ። የኢሉባቦር ሰማይ በጥቅምትም አይታመንም። የሰው ጆሮ በቆርቆሮው ጩኸት መካከል የሚወደውን ድምፅ መርጦ ይሰማል፤ ማይክሮፎን ግን ምርጫ የለውም። ወጣቱ መሣሪያውን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ፤ መለስም አደረገው። የባትሪ ድንጋዩን ለውጦ ተቀመጠ። ሊነጋጋ ሲል ዝናቡ ዐባራ፥ የመሪጌታውም ድምፅ ከሥሩ ብቅ አለ።

ከቅዳሴ በኋላ ማዳመጫውን በጆሯቸው አደረገላቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ብዙ ሰሙ። ከዚያም፥ «እዚህ ላይ የግራው ወገን ቸኩሏል፤ መልሰህ አሰማኝ» ብለው መቋሚያቸውን አነሡ፤ በመሬቱም ላይ ቀስ እያሉ ይመቱ ጀመር።